ጥያቄና መልስ፦ ካር-ቲ ምንድን ነው፣ ምኑስ ያስፈራል?

ከሥራ ወጥቼ ፒያሳ አረፍ ብያለሁ። ካር-ቲ ስለሚባለው፣ የሰውነትን ተከላካይ ሴሎች አስተካክሎ በሽታን ስለሚዋጋው ሕክምና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ከዚህ ሕክምና በኋላ ትኩሳት ከመጣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ሰላም፦ ዶክተር፣ እንዴት ነው የሚሠራው?
ከታማሚው ደም ቲ ሴሎች፣ ማለትም በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች፣ ይወሰዳሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ በሽታ እንዳያመጣ በተደረገ ቫይረስ አዲስ ዘረመል ይገባላቸዋል። ከዚያ ለምሳሌ ሲዲ19 የሚባለውን፣ በአንዳንድ የደም ካንሰር ሴሎች ላይ ያለውን ምልክት መለየት ይችላሉ። ተባዝተው ለዚያው ታማሚ ይመለሳሉ።

ቢኒ፦ ሁሉንም ካንሰር ያድናል?
አያድንም። በዋናነት ለተወሰኑ የደም ካንሰሮች ነው።

ሄኖክ፦ አደገኛ ነው የሚሉትስ?
ጥሩ ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊላደልፊያ ውስጥ የ6 ዓመቷ ኤሚሊ ዋይትሄድ ይህን ሕክምና ወሰደች። ሴሎቹ ሲባዙ ትኩሳቷ ናረ፣ በመሣሪያ መተንፈስ ጀመረች። ደሟ ሲመረመር አይኤል-6 የሚባለው የሴሎች መልእክተኛ ከልክ አልፏል። ተመራማሪው ካርል ጁን ይህን የሚያግድ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት ያውቅ ነበር፤ ልጁ ሕመሙ ስላለባት። ይህ መድኃኒት፣ ቶሲሊዙማብ፣ ለኤሚሊ ተሰጣት፣ በሰዓታት ውስጥ ተሻላት። በ2017 ሕክምናው አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ቶሲሊዙማብም ለዚሁ ችግር በዚያው ቀን ተፈቀደ።

ሁለተኛው ስጋት የአንጎል መታወክ ነው። ታማሚው በየቀኑ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ይደረጋል። ትናንት ቀጥ ብሎ የተጻፈው ዛሬ ፊደሉ ከተንቀጠቀጠ፣ እሱ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይጠራል። እኔ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ በላይ ይህችን ወረቀት አከብራለሁ።

አቶ ግርማ፦ ዋጋው ስንት ነው?
የመጀመሪያው ሲወጣ 475,000 ዶላር ነበር።

ቢኒ፦ ታዲያ ምን ያደርግልናል? መጀመሪያ የተለመደው የካንሰር መድኃኒት ሳይቆራረጥ ይምጣ!
ሰላም፦ ቢኒ፣ እንዲህ ብለን ሁሌ ወደ ኋላ እንቅር? ባለሙያ ዛሬ ካልሠለጠነ መቼ ይሠለጥናል?
ቢኒ፦ ሠልጥኖ በምን ይሠራል?
አቶ ግርማ፦ ልጆች፣ ዶክተሯን እናስጨርሳት።

የበጀቱን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ጽኑ ሕሙማን ክፍልና ቶሲሊዙማብ ዝግጁ ባልሆኑበት ይህን ሕክምና መስጠት ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሔለን፦ ሴሎቹ ካስቸገሩ ማስቆም ይቻላል?
ስቴሮይድ ያረጋጋቸዋል። ከዚህ ሌላ ሴሉ ውስጥ ማጥፊያ ዘረመል አስቀድሞ መክተት ይቻላል፤ የተለየ መድኃኒት ሲሰጥ ሴሉ ራሱን ይገድላል። ይህ በሰዎች ላይ ተሞክሯል፤ እያንዳንዱ አዲስ ሴል እንዲህ ያለ ማቆሚያ ቢኖረው ምኞቴ ነው።

ዮናስ፦ ጓደኛዬ ታሟል፣ ይሆነዋል?
ምን ታሞ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለኝም። ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሔለን፦ ለሉፐስስ?
ሉፐስ ተከላካይ ሴሎች የራስን ሰውነት የሚያጠቁበት በሽታ ነው። ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ መድኃኒት እንቢ ያላቸው ጥቂት ታማሚዎች ወስደው ጥሩ ውጤት ታይቷል። ተስፋዬ ትልቅ ነው፣ ግን ገና ጥናት ላይ ነው።

ዮናስ፦ ትኩሳት ቢመጣ ፓራሲታሞል ወስዶ ማደር ይቻላል?
ዮናስ፣ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? አይቻልም። ሆስፒታል፣ ያውም ሌሊትም ቢሆን!