ከቆርቆሮው በፊት ስለ ብሎኑ ጠይቂ

እህቴ፣ ሙቀቱም ዝናቡም የሚበረታበት ቦታ ቤት እያሠራሽ ነው። ግድግዳው አልቋል። "ሸክላ ላልብሰው ወይስ ቆርቆሮ? ቆርቆሮ ከሆነስ ሳይዝግ የሚቆየው የትኛው ነው?" ብለሻል። አጭሩ መልሴ ይሄ ነው፦ ቆርቆሮ አድርጊ፣ አሉዚንክ (የአሉሚኒየምና የዚንክ ቅልቅል) የተለበጠውን ምረጪ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን። ረጅሙ መልስ ግን ትንሽ ያስቀምጥሻል።

እኔ የግንባታ ባለሙያ አይደለሁም። ሁለት ቤት አሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ጣሪያ በዘጠነኛ ዓመቱ አውርጄ እንደ አዲስ አስከድኛለሁ። ያን ቀን ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የወረደው ቆርቆሮ መሀል መሀሉ ገና ያብለጨልጫል። የበሰበሰው የምስማሩ ዙሪያ ነው። አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበበት ነው። በግራይንደር የተቆረጠው ጫፍ ነው። አሸንዳውማ ወንፊት ሆኗል። ዋናውን ገንዘብ ያፈሰስኩበት ዕቃ ደህና ነበር። ቤቱን ያስፈሰሰው የቆጠብኩበት ትንሹ ዕቃ ነው።

ስለ ሸክላ ቶሎ ብዬ ልለፍ። ጥሩ ነገር ነው። አይዝግም፣ ዝናብ ሲመታው አይጮህም፣ በደንብ ከተነጠፈ እኛን ይቀብራል። ችግሩ ክብደቱ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የሸክላ ክዳን 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ያው ካሬ በስስ የብረት ቆርቆሮ ሲከደን 4 ኪሎ ገደማ ነው። ግድግዳሽና ጣሪያውን የሚሸከመው ትራስ (የእንጨት ወይም የብረት አጥንቱ) መጀመሪያውኑ ለዚያ ሸክም ካልተሰሉ አሁን ሐሳብ መቀየር አይቻልም። መሬት የሚንቀጠቀጥበት አካባቢ ከሆንሽ ደግሞ ከባድ ነገር ከራስሽ በላይ ባታኖሪ ይሻላል። ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያም ያው ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መኝታ ቤትሽ ላይ ይተፋዋል። ውሃ ካቆረበት ደግሞ ማፍሰሱ የጊዜ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። ተራው ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ላዩ ላይ ዚንክ ተለብጦበታል። ዚንኩ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ሲያልቅ ዝገቱ ይጀምራል። ስለዚህ ስትገዢ የምትጠይቂው "ዚንኩ ስንት ነው?" ብለሽ ነው። ዜድ 275 የሚል ካለ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሁለቱም ፊት ተደምሮ 275 ግራም ዚንክ አለ ማለት ነው። ጥሩ ነው። አሉዚንክ የሚሉት ልባሱ 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክ፣ ቀሪው ሲሊከን ነው። ኤዜድ 150 ሲል 150 ግራም ማለት ነው። ቁጥሩ ማነሱ አያሳስትሽ። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ የልባሱ ውፍረት ከዜድ 275 ጋር ተቀራራቢ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ዕድሜው ይበልጣል። ሁለት ነገር ግን አይወድም፦ እርጥብ ሲሚንቶና የከብት ወይም የዶሮ ቤት ሽታ። ከሽንትና ከኩስ የሚወጣው አሞኒያ ይበላዋል።

ውፍረት ላይ እኔ የተሸወድኩትን ልንገርሽ። ሻጩ 28 እና 35 ጌጅ (የውፍረት መለያ ቁጥር ነው) አለ አለኝ። እኔም 35ቱ ወፍራሙ መስሎኝ፣ ዋጋውም ቀነስ ስላለ፣ ደስ ብሎኝ ያንን ጫንኩ። ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ማን ነገረኝ! ሻጩም አላረመኝ። በዚያ ላይ የጌጅ ሰንጠረዥ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ቁጥር በአንዱ ሰንጠረዥ ሌላ ውፍረት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ተይውና ሚሊሜትር ጠይቂ። "ቀለሙ ሳይቆጠር ብረቱ ብቻ ስንት ሚሊ ነው?" በይ። ለመኖሪያ ቤት እኔ ከ0.4 በታች አልወርድም። ከዚያ የሳሳው ሰው ሲረግጠው ይሰረጉዳል። ንፋስ ሲያራግበው ደግሞ ብሎኑ ጋ ይቀደዳል።

ባህር ቅርብ ከሆንሽ ጨዋታው ይለያል። ጨው አለ። የሚገርመው ከላይ ያለውን ዝናቡ ያጥበዋል። ዝናብ የማይደርስበት ግን ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ጠርዝ ሥሩ ነው። ጨዉ እዚያ ይከማችና ከታች ወደ ላይ ይበላል። ላዩን እያየሽ "ደህና ነው" ትያለሽ፤ ሥሩ ግን አልቋል። እዚያ ቦታ ንጹህ የአሉሚኒየም ክዳን ይሻላል። አቅሙ ካልፈቀደም ጠርዙን ከሥሩ አልፎ አልፎ በንጹህ ውሃ እጠቢው።

ሙቀቱን በተመለከተ ቀለም ዋዛ አይደለም። ጠቆር ያለ ጣሪያ በጠራራ ፀሐይ ከ65 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ነጣ ያለው ብዙውን ጨረር ወደመጣበት ይመልሰዋል። እኔ መጀመሪያ ያማረልኝ ጥቁር ቡኒው ነበር። ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ቀጥሎ ኮርኒስና የአየር መተላለፊያ ነው። ከጠርዙ ሥር አየር ይግባ፣ ከላይ ኮልሞው (የጣሪያው አናት መጋጠሚያ) ጋ ይውጣ። ቀዳዳዎቹን ለወፍና ለአይጥ በወንፊት ሽቦ ዝጊያቸው። የሚያብለጨልጨውን ፎይል የምታስገቢ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ። ፎይል የሚሠራው ከሚያብለጨልጨው ፊቱ ፊት ለፊት ክፍት አየር ሲኖር ነው። ሁለት ሳንቲ ተኩል ያህል ክፍተት ይኑረው። ቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ የተነጠፈ ፎይል ጌጥ ነው።

ይሄ ክፍተት ነገር ሌላ ጉድ ያስታውሰኛል። ሁለተኛው ቤት አዲስ እያለ ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ላይ የእርጥበት ክብ ይወጣ ጀመር። ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ሰው አወጣሁ። ሲሊኮን ለቀለቀ። አልቆመም። ሌላ ሰው አወጣሁ። እሱም ለቀለቀ። ጣሪያው ላይ ሲሊኮን ያልተቀባ ብሎን አልቀረም። ከዚያ አንድ ሳምንት ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ክቡ ሰፋ። ያኔ ነው የባነንኩት። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና በዙሪያው ካለው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛል። ከቤት የሚወጣው እርጥብ አየር ሄዶ ሥሩን ሲነካው ልክ የቀዘቀዘ ብርጭቆ እንደሚያልበው ያልባል። ላቡ ይንጠባጠባል። የእኔ ጥፋት ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ አየር መሳቢያ እንፋሎቱን ወደ ኮርኒሱ ውስጥ እንዲተፋ ማድረጌ ነበር። ቱቦውን ወደ ውጭ አወጣሁት፣ ከላይ መውጫ ከፈትኩ፣ ነገሩ ቆመ። አንቺ ከመጀመሪያው ከቆርቆሮው ሥር ላቡን ተቀብሎ ወደ አሸንዳ የሚያወርድ ሽፋን ብታስነጥፊ ይሄን ሁሉ ትድኛለሽ።

አሁን ወደ ገጠማው ልምጣ፤ ዋናው እዚህ ነው። ቆርቆሮው ገና ሲራገፍ ጀምሪ። ተደራርቦ ዝናብ ከመታው በመሀሉ ውሃ ይታፈንና ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል። ገና ሳይሰቀል ልባሱ ተበላ ማለት ነው። ከመሬት ከፍ፣ በአንድ በኩል ዘንበል አድርገሽ አስቀምጪው፤ ሸፍኚው፤ አየር ግን ይግባው።

ግራይንደር ጣሪያው ላይ እንዳይወጣ። ይሄን ስትይ ጣሪያውን የሚሠሩት ልጆች ያኮርፋሉ፤ ያኩርፉ። ግራይንደሩ ጫፉን ያቃጥልና ልባሱን ይገፈዋል። የሚረጨው ፍንጣሪ ደግሞ ትኩስ ብረት ነው። ቀለሙ ላይ ይጣበቅና በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ኩፍኝ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። በቆርቆሮ መቀስ ይቁረጡ። ብሎን ሲበሳ የሚወጣውንም ፍቅፋቂ ማታ ከመውረዳቸው በፊት ይጥረጉት።

ምስማር ሳይሆን ብሎን ተጠቀሚ። ምስማር ቆርቆሮው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ ይወጣል። አሥር ሜትር የብረት ቆርቆሮ በቀዝቃዛ ሌሊትና በጠራራ ቀን መካከል የ50 ዲግሪ ልዩነት ቢገጥመው 6 ሚሊ ያህል ይረዝምና ያጥራል። አሉሚኒየም ከሆነ እጥፉን። በየቀኑ ነው ይሄ! ቀዳዳው ባይሰፋ ነው የሚገርመው። ብሎኑ ራሱ ጥሩ ልባስ ያለው፣ ጎሚኒው (ከብሎኑ ራስ ሥር ውሃ የሚከለክለው ቀለበት) ደግሞ ኢፒዲኤም የሚባለው ፀሐይ የሚችል ጎማ ይሁን። ርካሹ ጎሚኒ ፀሐይ ላይ ይሰነጣጠቃል፤ የእኔን ጣሪያ የገደለው እሱ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ጎሚኒው ትንሽ ወጣ ብሎ እስኪታይ ብቻ ነው። ተጨፍልቆ ከወጣ አልቋል። ሞገድ ያለው ቆርቆሮ ከሆነ ብሎኑ ከሞገዱ አናት ላይ ይግባ፤ ውሃው የሚሄደው በሸለቆው ነዋ።

መደራረቡ ላይ ልጆቹ ቆርቆሮ እንቆጥብልሽ ይሉሻል። እንዳትሰሚያቸው። ሞገድ ያለው ቆርቆሮ በጎን ቢያንስ አንድ ሞገድ ተኩል ይደረብ። ከላይ ወደ ታች ሲደረብ 15 ሳንቲ፣ ጣሪያው ደልደል ያለ ከሆነ 20ና ከዚያ በላይ። ሥራውም ዝናብ የሚያመጣው ንፋስ ከሚነፍስበት ተቃራኒ ጫፍ ይጀመር። እንደዚያ ሲሆን የመደራረቢያው አፍ ለንፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። ብዙ ሰው ይሄን አያስብበትም፤ ከዚያ "ዶፍ ሲሆን ብቻ ነው የሚያፈሰው" ይላል።

ንፋስ ጣሪያን የሚነቅለው ገፍቶ ሳይሆን ስቦ ነው። ስበቱ የሚበረታው ማዕዘኖቹ፣ ጠርዞቹና ኮልሞው ጋ ነው። እዚያ እዚያ ብሎኑ ይብዛ። ግን ብሎን ማብዛት ብቻውን አያድንም። ቆርቆሮው ማገሩን (የሚታሰርበትን አግዳሚ)፣ ማገሩ ወራጁን (ከላይ ወደ ታች የሚያዘቀዝቀውን)፣ ወራጁ ግድግዳውን አጥብቆ ካልያዘ ጣሪያው እንዳለ ተነስቶ ይሄዳል። ወራጁ በምስማር ብቻ ግድግዳው ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ዛሬውኑ እዪ። የብረት ማሰሪያ አስደርጊበት። አውሎ ነፋስ ያለበት አካባቢ ከሆንሽ በአራቱም በኩል የሚያዘቀዝቅ ጣሪያ በሁለት በኩል ብቻ ካለው ይሻላል። የበረንዳሽንም ጣሪያ ለብቻው አሠሪው፤ ንፋስ ከወሰደው ዋናውን ይዞት እንዳይሄድ።

አሸንዳውን መጨረሻ ላይ ያነሳሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ሒሳቡ ይሄ ነው፦ አንድ ሚሊ ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። በሰዓት 100 ሚሊ የሚወርድ ዶፍ 100 ካሬ ጣሪያ ላይ በደቂቃ ከ160 ሊትር በላይ ያወርዳል። ለካፊያ የተሠራ ቀጭን አሸንዳ ያንን አይችልም። የፊተኛው ከንፈሩ ከግድግዳው በኩል ካለው ዝቅ ይበል፤ ሲሞላ ወደ ውጭ ይፍሰስ እንጂ ወደ ቤት እንዳይመለስ።

እና ያ ወንፊት የሆነው አሸንዳዬ? ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ጣሪያው ባለ ቀለም ነበር፣ አሸንዳው ግን ቀለም የሌለው ጋልቫናይዝድ። ከባለ ቀለም ወይም ከአሉዚንክ ጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃ መንገዱ ላይ ምንም ዚንክ አላሟሟም። ንጹህ እንደሆነ ይደርስና የአሸንዳውን ዚንክ ይበላዋል። ጠብታው በሚያርፍበት መስመር ላይ እየበሳ ይሄዳል። ስለዚህ አሸንዳው ከጣሪያው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ ወይም ፕላስቲክ። የመዳብ ቱቦ ውሃም ጣሪያሽ ላይ እንዳይንጠባጠብ፤ ከአየር ማቀዝቀዣም ይምጣ ከውሃ ማሞቂያ፣ መዳብ ለዚንክ ጠላቱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግቢው ውስጥ የሚፈርስ አሮጌ ቤት ካለና ክዳኑ ግራጫ፣ ሲሚንቶ የመሰለ ሞገድ ካለው አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትስበሩት፣ አትቁረጡት፣ አትጥረጉት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። የሚያውቅ ሰው ይምጣ።

ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ደግሞ ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት ውስጥ ግቢ፣ በርና መስኮቱን ዝጊና ቀና በይ። የብርሃን ነጥብ ካየሽ በኖራ ምልክት አድርጊበት። ልጆቹን ሒሳባቸውን ሳትዘጊ እዚያው ጠርተሽ አሳዪያቸው። የጣሪያሽን ተዳፋትና ከባህር ምን ያህል እንደምትርቂ ብትጽፊልኝ በመደራረቡና በልባሱ ላይ የተሻለ ነገር ልነግርሽ እችላለሁ።