ዓመታት የቆመን ዲቲ 125 ኪክ ከመምታትህ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። የጠያቂው አባት የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ገጠር ለገጠር የዞሩበት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤት ቆሟል። «ኪኩ ይወርዳል፣ አልደረቀም። ጓደኞቼ አዲስ ቤንዚን ጨምረህ ቁልቁለት ላይ በግፊ አስነሳው ይሉኛል። ልሞክር?» ይላል።

ኧረ ተው ወንድሜ! ዲቲ ቱ ስትሮክ ነው። ካንዴላው እሳት ከሰጠና ቤንዚን ጠብ ካለለት ብዙም አያስቸግርም። ባትሪው መሞቱ እንኳ አያግደውም፣ እሳቱን የሚያገኘው ከራሱ ከሞተሩ ነው። እኔን የሚያሰጋኝም ይኸው ቶሎ መነሳቱ ነው። ይነሳል፣ ሰፈሩ ደስ ይለዋል፣ ትንሽ እንደሄድክ ፒስተኑ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል።

ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ዘይቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ያንተው ፒስተን ግን የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱን ለብቻው ካለችው ትንሽ ታንከር እየሳበ የሚያቀብል ፓምፕ አለው። ሞተሩ ለዓመታት ሲቆም ዘይቱ ይወፍራል፣ ዘይቱ የሚሄድባት ቀጭኗ ጎማ ትደርቃለች፣ አየር ይገባል። ከዚያ ፓምፑ ቢዞርም የሚገፋው አየር ነው።

ስለዚህ ኪኩን እርሳው። ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው አንድ ሁለት ማንኪያ የቱ ስትሮክ ዘይት ጨምረህ አሳድረው። በማግስቱ መጨረሻው ማርሽ ላይ አስገባና የኋላውን ጎማ በእጅህ ቀስ እያልክ ወደፊት ወደኋላ አንቀሳቅሰው። የሚይዝህ ነገር ካለ አታስገድደው፣ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ይታይ።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ክፈት። ስፖንጁን በሁለት ጣትህ ጫን በለው። እንደ ደረቅ ኬክ ከተፈረፈረ ጣለው። ያ ፍርፋሪ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር አልፎ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ዕቃ ቤት የከረመ ሞተር ስለሆነ እዚያው ሳጥን ውስጥ የአይጥ ጎጆ ብታገኝም አይግረምህ።

የቤንዚን ታንከሩን አሽትተው። አሮጌ ቤንዚን ቀለም ቀለም ይሸታል። ደፍተህ ውስጡን በእጅ ባትሪ እይ። ዝገቱ ቀላል ከሆነ መክፈቻውን ነቅለህ ቀዳዳውን ድፈንና አቼቶ ሞልተህ አሳድረው። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠበው፣ ወዲያው አድርቀው፣ ትንሽ ዘይት አዙርበት። እርጥብ ካደረ ዝገቱ ተመልሶ ይመጣል። ካርቡራተሩም ይፈታ። ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ትንንሽ የናስ ጄቶች ወደ ብርሃን አንስተህ ተመልከት፣ ቀዳዳቸው ክብ ሆኖ መታየት አለበት። በሽቦ እንዳትጎረጉራቸው፣ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ይበላሻል። የካርቡራተር ማጽጃና የኮምፕረሰር አየር ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ዘይቱ። አሮጌውን ከትንሿ ታንከር አፍስሰህ አዲስ የቱ ስትሮክ ዘይት ሙላ። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። ፓምፑ ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን አለች። ላላ አድርጋት፣ ዘይቱ ያለ አረፋ ሲወርድ እሰራት። ይህን ሁሉ አድርገህም ፓምፑን ገና አትመነው። ለመጀመሪያው ቤንዚን በአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅል። ይጨሳል፣ ካንዴላም ሊያቆሽሽ ይችላል። ይጭስ! በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው፣ እየሠራ የፓምፑን ገመድ ሳብ አድርገህ ያዝና ዘይቱ በቀጭኗ ጎማ ሲሄድ እይ። ምንም አረፋ ከሌለ ቅልቅሉን ስትጨርስ ወደ ንጹህ ቤንዚን መመለስ ትችላለህ።

ሳታስነሳው በፊት ግን ፍሪሲዮኑን አትርሳ። ሸራዎቹ ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሪሲዮን ይዘህ ግፋው። ጎማው ካልዞረ ሳይላቀቅ አታስነሳ፣ ማርሽ ስታስገባ ዘሎ ይሄዳል። የፍሬን ሸራዎቹንም ከፍተህ እያቸው፣ ከብረቱ ተላቀው ሊገኙ ይችላሉ። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2311 ካለ በፈረንጅ 2011 ዓመት፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። እንደዚያ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየር። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ደግሞ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክር።

ከተነሳ በኋላ ጆሮህን ስጠው። ነዳጅ መስጫውን ለቀህ ሞተሩ ራሱን እያስጮኸ አልወርድ ካለ አየር እየሳበ ነው። ወዲያው አጥፋው። ካርቡራተሩ የሚታሰርበት ጎማ ተሰንጥቆ ይሆናል፣ ካልሆነም በቮላኖው (ከሞተሩ ጎን በሚዞረው ከባድ ብረት) በኩል ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ማሸጊያ ጎማው፣ ደርቆ ይሆናል። ነጭ ጭስ አላቋርጥ ብሎ የማርሽ ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ ችግሩ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲል ነው፣ ያኛው ሥራው ከበድ ይላል። የቮላኖው የሚቀየረው ከውጭ ነው። ቮላኖውን ግን በመንቀያው ብቻ ያውጡልህ። መዶሻ ያነሳ መካኒክ ካየህ ሞተርህን ይዘህ ሌላ ጋራዥ ሂድ።