የተንቀጠቀጠው እጅሽ ነው ወይስ የእነሱ ትከሻ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ካሜራሽ ካነን 250ዲ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣ 18-55 እና ከሰው የገዛሽው 75-300 ሌንስ አለሽ (ቁጥሮቹ የሌንሱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ናቸው)። ሰርግ ላይ፣ በተለይ ሲመሽ፣ ፎቶው ብዥ ይልብሻል። እጅሽም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «ጥሩ ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ጠቁሙኝ» ብለሻል፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰውን ማለትሽ ነው። ሰርግና የበዓል ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ጉዳይ ገንዘብም ፎቶም ያቃጠልኩ ሰው ነኝ። መልሴ ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የተበላሹብሽን ፎቶዎች ክፈቺና አጉልተሽ እዪ። ብዥ ያለው ሰው ብቻ ነው? ወይስ ግድግዳውም፣ ወንበሩም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የውሃ ጠርሙስም? ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ ጥፋቱ የእጅሽ ነው። ጠርሙሱ ጥርት ብሎ ሙሽራው ብቻ ከተበላሸ ግን የተንቀሳቀሰው ሙሽራው ነው። ከኋላው ያለው ሚዜ ጥርት ካለ ደግሞ ፎከሱ ስቷል። ማረጋጊያ የሚያድንሽ ከመጀመሪያው ብቻ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ የከተራ ማታ ነው። ታቦቱ ባደረበት ድንኳን አጠገብ ካህናቱ ያሸበሽባሉ። ሰው በሰው ላይ ነው፣ ትራይፖድ የሚዘረጋበት ስንዝር መሬት የለም። በዚያ ሰዓት ፍላሽ ማብለጭለጭም አልፈለግኩም። የካነን 17-55 ኤፍ 2.8 አይ ኤስ ይዤ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ አይ ኤስ ደግሞ ማረጋጊያው ነው)፣ 55 ላይ አድርጌ፣ በ1/15 ሴኮንድ አነሳሁ። ያለ ማረጋጊያ በዚያ ፍጥነት የሚገኘው ሾርባ ነው። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳየው መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙት አባት ጢማቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። አጠገባቸው ያለው ዲያቆን ግን ጸናጽል የያዘ እጁ ጭስ ሆኗል። ፎቶው አንድ፣ ሌንሱም አንድ ነው። እጄን ሌንሱ ያዘልኝ፣ የዲያቆኑን እጅ ማን ይያዝ?

ሌንሱ ውስጥ ጋይሮ የሚባሉ ትንንሽ ሴንሰሮች አሉ። እጅሽ ስንት እንደዘመመ ይለካሉ። ከዚያ ከውስጥ ካሉት መስታወቶች አንዱ ክፍል በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል፣ ምስሉም ባለበት ይቆያል። ሥራውን የሚጀምረው የማንሻ ቁልፉን በግማሽ ስትጫኚ ነው። እስኪረጋጋም ቅጽበት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ቁልፉን በአንድ ትንፋሽ ይደፍቀውና «ማረጋጊያው አይሠራም» ይላል። በግማሽ ተጫኚ፣ «አንድ» በዪ፣ ከዚያ አንሺ።

አሁን ወደ ሌንሶችሽ። ችግርሽ በአብዛኛው 75-300 ይመስለኛል። በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ የካነን 75-300 ማረጋጊያ የለውም። የሚገርመው፣ ካነን በ1995 እ.ኤ.አ. ማረጋጊያ ያለው የመጀመሪያውን የኤስ ኤል አር ሌንስ ሲያወጣ እሱም 75-300 ነበር። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ሰው ይምታታበታል። ያንቺ ፊቱ ላይ «አይ ኤስ» ካልተጻፈበት የለውም ማለት ነው።

የቆየው ሕግ የሸተርሽ ፍጥነት፣ ማለትም ፎቶው የሚነሳበት የሴኮንድ ክፍልፋይ፣ የታችኛው ቁጥሩ ከሌንሱ ርዝመት አይነስ ይላል። በ250ዲ ላይ፣ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ፣ ርዝመቱን በ1.6 ማባዛት አለብሽ። 300 ላይ ስታነሺ 480 ይመጣል። ስለዚህ በእጅሽ ይዘሽ ወደ 1/500 ያስፈልግሻል። ማታ አዳራሽ ውስጥ፣ ኤፍ 5.6 ላይ፣ 1/500? አይ ኤስ ኦው፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ማለት ነው፣ ሰማይ ይነካል።

እኔ ብሆን እሱን ሸጬ የካነን 55-250 አይ ኤስ ኤስ ቲ ኤም እገዛለሁ። አምራቹ ለማረጋጊያው 3.5 ስቶፕ ሰጥቶታል። አንድ ስቶፕ ማለት የሸተሩን ፍጥነት ወደ ግማሽ ማውረድ ነው። 250 ላይ ሕጉ 1/400 ይላል። አንድ ስቶፕ 1/200፣ ሁለት 1/100፣ ሦስት 1/50። ግን ያ ቁጥር የሚለካው ካሜራውን በሚያንቀጠቅጥ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ አልዋለም፣ በረካም አልጠጣም። ስለዚህ እኔ ከተጻፈው ላይ ሁልጊዜ አንድ ስቶፕ እቀንሳለሁ። 1/80 አካባቢ ካደረግሽው በደንብ ታገኚያለሽ። ክብደቱም 375 ግራም ብቻ ነው። እጇ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ቀላል ሌንስ በራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው። ነጩ የካነን 70-200 ኤፍ 2.8 አይ ኤስ ሁለተኛው ትውልድ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ድንቅ ሌንስ ነው፣ ግን ከሰዓት በኋላ ክንድሽ ይለምንሻል።

ስለ 70-200 ካነሳን አይቀር፣ ነጭ ሌንስ ሁሉ ማረጋጊያ አለው ብለሽ እንዳትሸወጂ። ኤፍ 2.8ም ኤፍ 4ም ያለ አይ ኤስ የተሠሩ አሏቸው፣ እዚህ አገርም በብዛት ይዞራሉ። ሌላው የተለመደ ስህተት ኤስ ቲ ኤምን ከማረጋጊያ ጋር ማምታታት ነው። ኤስ ቲ ኤም የፎከስ ሞተር ነው። ሁላችንም የምንወዳት 50 ኤፍ 1.8 ኤስ ቲ ኤም ማረጋጊያ የላትም። በካነን የምትፈልጊው «አይ ኤስ» የሚለውን ብቻ ነው። ኒኮን ቪ አር ይለዋል፣ ሶኒ ኦ ኤስ ኤስ፣ ሲግማ ኦ ኤስ፣ ታምሮን ቪ ሲ።

ይህችን የታምሮን ቪ ሲ በኪሴ ነው የተማርኳት። ታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8 በሁለት ዓይነት ተሠርቷል፣ አንዱ ቪ ሲ አለው፣ አንዱ የለውም። እኔ ያገለገለ ስገዛ ሻጩ «አለው፣ አለው» አለኝ። ጽሑፉን ሳላነብ፣ መስታወቱን ብቻ በባትሪ አይቼ ብሬን ቆጠርኩለት። ቤት ደርሼ የማረጋጊያውን ማብሪያ ብፈልግ ብፈልግ የት አባቱ! ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ደግነቱ ሌንሱ ራሱ ጥሩ ነበር፣ ሦስት ዓመት እንጀራ በላሁበት።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ሌንስ ልትገዢ ስትሄጂ ካሜራሽን ይዘሽ ሂጂ። ሌንሱን ግጠሚና እስከ መጨረሻው ዙም አድርጊ። ከመንገዱ ማዶ ያለ ማስታወቂያ ላይ አነጣጥሪ። በግማሽ ስትጫኚ ለስለስ ያለ ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ የሚወዛወዘው ምስልም በካሜራው ዓይን ውስጥ ሲሰክን ይታይሻል። ከዚያ ሸተሩን 1/30 ላይ አድርገሽ ማረጋጊያውን አብርተሽ አሥር፣ አጥፍተሽ አሥር አንሺ። እዚያው አጉልተሽ ስንቱ ላይ ጽሑፉ እንደሚነበብ ቁጠሪ። ልዩነት ከሌለ የሻጩ ምላስ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ጥለሽው ውጪ። ምስሉ በራሱ የሚዘል ወይም የሚንሸራተት ከሆነም አትግዢ። ካሜራው ጠፍቶ ሌንሱን ስታወዛውዢው ውስጡ ትንሽ ቢንኳኳ ግን አትደንግጪ፣ አንዳንዶቹ ላይ የማረጋጊያው መስታወት ነው።

18-55ሽንም ፊቱን አንብቢ። ያለ አይ ኤስ የተሠራ አለ። ያንቺ ኤፍ 4-5.6 አይ ኤስ ኤስ ቲ ኤም ከሆነ ማረጋጊያው 4 ስቶፕ ተብሎለታል፣ ለቆመ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ እሱን ለመተካት አትቸኩዪ።

አሁን ወደ ጭፈራው። እስክስታ ላይ ትከሻን ለመያዝ እኔ ከ1/250 በታች አልወርድም፣ ሲሞቅ 1/500። እዚያ ፍጥነት ላይ ማረጋጊያ ትርጉሙ ትንሽ ነው። የሚያስፈልግሽ ብርሃን ነው። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ፍላሹን ወደ ላይ አዙረሽ መተኮስ ከየትኛውም ሌንስ ይሻላል። ስለዚህ በጀትሽ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃና የተበላሹት ፎቶዎችሽ የጭፈራ ከሆኑ፣ ሌንሱን ተይውና ጥሩ ፍላሽ ግዢ። ሁለቱንም አንድ ላይ ከፈለግሽ ከላይ ያልኩሽ 17-55 ኤፍ 2.8 አይ ኤስ ነው፣ ያገለገለ ፈልጊ። ውድ ነው፣ ግን አሁንም ከቦርሳዬ አይወጣም።

ወደፊት ቦዲ፣ ማለትም ካሜራውን ራሱን፣ ብትቀይሪስ? ማረጋጊያው ቦዲው ውስጥ ያለባቸው አሉ፣ በካነን አር 6 እና አር 7 ለምሳሌ። እነሱ ላይ 50ዋም ትረጋጋለች። አር 10 እና አር 50 ግን የላቸውም። ያሁኖቹ ሌንሶችሽ በእነዚህ ሁሉ ላይ በአዳፕተር፣ በማገጣጠሚያ ቀለበት፣ ይሠራሉ፣ ማረጋጊያቸውም ጭምር፣ ስለዚህ ገንዘብሽ ሜዳ ላይ አይቀርም። ለቪዲዮ ቆመሽ ስትቀርጪ የሌንስ ማረጋጊያ ጥሩ ነው። እየተራመድሽ ከሆነ ጊምባል፣ ካሜራውን በሞተር የሚያረጋጋ መያዣ፣ ያስፈልግሻል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ስትሰቅዪው ደግሞ ማረጋጊያውን አጥፊው፣ በተለይ ቆየት ያለ ሌንስ ከሆነ።

ስለ እጅሽ መንቀጥቀጥ፣ ክርንሽን ከጎድንሽ ጋር አጣብቂ። ግራ እጅሽ ሌንሱን ከሥር ይያዝ፣ ከጎን አይደለም። ትንፋሽሽን አውጥተሽ ስትጨርሺ ተጫኚ። ሦስት ተከታታይ ደግሞ አንሺ፣ መሃለኛው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከተበላሹት ውስጥ ሁለት ሦስቱን ከነሸተራቸውና ከነአይ ኤስ ኦአቸው እዚሁ ለጥፊልኝ። ጠርሙሱን አይቼ እነግርሻለሁ።