ውጤቱ ዝቅ ያለ ነው ስለተባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደህና አድርጌ አንብቤዋለሁ። በባለቤትሽ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ልትዛወሩ ነው፤ ልጅሽ መስከረም ላይ 3ኛ ክፍል ትገባለች። ለቤታችሁ የሚቀርበው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን የገጠርና የተፈናቃይ ልጅ ስለሚበዛበት በ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤቱ ዝቅተኛ ነው ብለውሻል። «ላስገባት ወይስ ተበድሬም ቢሆን የግል ልፈልግላት?» ነው ጥያቄሽ። በሰሜን ሸዋ ቆላውም ደጋውም ላይ አስተምሬአለሁ፤ በኋላም በክላስተር ሱፐርቫይዘርነት፣ ማለትም በአንድ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶችን እየዞርኩ በመከታተል ሠርቻለሁ። ከዚያ ያየሁትን ልንገርሽ።

ያ ውጤት የእነማን ውጤት እንደሆነ ሳታውቂ አትወስኚ። የፈተና አማካይ በአብዛኛው የሚናገረው በበሩ የሚገቡት ልጆች ከየት እንደመጡ ነው። መምህሩ ምን ያህል እንደለፋ ከእሱ ብቻ አታውቂም። እናቷ ነርስ የሆነች ልጅ አፀደ ሕፃናት ቆይታ፣ ፊደሉን ለይታ፣ ስሟን እየጻፈች 1ኛ ክፍል ትገባለች። ከከተማው ዳር ካለ የገበሬ ቀበሌ የሚመጣው ልጅ ደግሞ በ7 ዓመቱ መግባት ሲገባው ታናሹ ለእረኝነት እስኪደርስ ተጠብቆ በ9 ወይም በ10 ዓመቱ ይመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በባዶ ሆዱ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም አንድ ፈተና ይፈተናሉ።

የስም መጥሪያ መዝገብ ማየት የሚችል ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ቆላ ላይ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት በኩል፣ መስከረም ላይ ሙሉ የነበረው ገጽ ማሽላው ማሸት ሲጀምር በቀሪ ምልክት ይዥጎረጎራል፤ ልጆቹ ማማ ላይ ወፍ ጥበቃ ናቸው። ምንጃር ላይ ጤፍ ሲታጨድ፣ መንዝ ላይ ገብስ ሲሰበሰብ እንዲሁ ነው። ከፍ ያሉት ሴት ልጆች ደግሞ ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ወደ ከተማ ለቤት ሠራተኝነት ይሄዱና ስማቸው በቀይ ይሰረዛል። መምህሩ በዚያ ወር ያስተማረውን ምዕራፍ ግማሹ ክፍል አልሰማውም።

የተፈናቃዮቹን ልጆች ነገር ስሰማ ግን በጣም ይከፋኛል። «እነሱ ናቸው ውጤታችንን ያወረዱት» ሲባል ሰምቻለሁ። ከአጣዬም ከወለጋም ቤታቸው ተቃጥሎ የመጡ ልጆች አሉ። ካርድም መሸኛም ሳይዙ መጥተው በምደባ ፈተና ወይም በዕድሜያቸው ክፍል የተሰጣቸው ናቸው፤ በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ በአማርኛ እንደ አዲስ የጀመረም አለ። ነባሩም ልጅ ቢሆን በሰላም የተማረው ዓመት ትንሽ ነው፤ መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ 2014 ላይ የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ደረሰ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ምክንያት በብዙ ወረዳዎች ደወል ሳይሰማ የከረመበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ተደማምሮ 6ኛ ክፍል ላይ በአንድ ቁጥር ይጠቃለልና የትምህርት ቤቱ ጥፋት ይባላል።

«መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ማስታወቂያ ስታይም ሮስተሩን፣ ማለትም የተማሪዎቹን የስምና የውጤት መዝገብ ጠይቂ። ለምሳሌ ያህል አንዱ ትምህርት ቤት 1ኛ ክፍል 80 ልጅ መዝግቦ 6ኛ ላይ 30ውን አስፈትኖ 30ውንም አሳለፈ እንበል። ሌላው ከ80ው 70ውን እስከ ፈተናው አድርሶ 45ቱን አሳለፈ። ባነር የሚሰቅለው የመጀመሪያው ነው፤ ብዙ ልጅ ያስተማረው ግን ሁለተኛው ነው። የግል ትምህርት ቤቶችንም በዚሁ ዓይን እዪ። ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ፤ ነገር ግን መግቢያ ፈተና ሰጥተው የመረጡትንና ወላጁ መክፈል የሚችለውን ልጅ ይዘው ነው የሚጀምሩት።

እኔ ትምህርት ቤት የምመዝነው ታች ባሉት ክፍሎች ንባብ ነው። በ2002 በተደረገው የንባብ ምዘና በአገር ደረጃ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ጉድለቱ የሚጀምረው ግን 1ኛ ክፍል ነው። እስከ 3ኛ ክፍል ልጆች በብዛት ሳይደግሙ ስለሚያልፉ ማንበብ ያልቻለው ሳይታወቅ ወደ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ሂጂና ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪ። 1ኛ ክፍልን ማን ያስተምራል? ጎበዙን መምህር እዚያ የሚመድብ ርዕሰ መምህር ካገኘሽ ትልቅ ነገር አገኘሽ፤ በብዙ ቦታ ጎበዙ ወደ ላይኛው ክፍል ነው የሚወሰደው። ማንበብ ላልቻሉት ለብቻቸው ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። «ቱቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) አለን» ካለሽ በየትኛው ቀን፣ ማን እንደሚያስተምር ይንገርሽ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ? መስፈርቱ 50 ነው። በፈረቃ ነው ወይስ ሙሉ ቀን? የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ለልጆቹ ደርሷል? የኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤት ቁጥጥር) ሪፖርታቸውንም ጠይቂ። ከ1 እስከ 4 የሚሰጠው ደረጃ ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን አንድ ላይ የሚደምር ስለሆነ አንቺ «ሂደት» የሚለውን ክፍል ለይተሽ እዪ፤ የመምህሩ ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ከፈቀዱልሽ ደግሞ ከ3ኛ ክፍል ጥቂት ልጆች ደብተር እዪ። የመምህሩ እርማት እስከ መጨረሻው ገጽ ከደረሰ፣ ስህተቱ ላይ ምልክት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው አጻጻፍ ከተጻፈለት፣ ልጅሽን አስገቢያት። ክፍሉ ከ80 በላይ ከሆነና ደብተሩ ከጥቅምት ወዲህ ካልታረመ ግን ሌላ ፈልጊ፤ ያን ጊዜም ቢሆን አብረዋት የሚማሩት ልጆች ማንነት ምክንያት አይሁንሽ። አንቺ ማታ ደብተሯን የምታዪላት ልጅ የተፈናቃይ ልጅ አጠገብ በመቀመጧ አትጎዳም። እንዲያውም ጥያቄ የሚጠይቅ ወላጅ እዚያ ግቢ ቢገባ ይጠቅማል፤ የወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው በጣም ያስፈልጋቸዋል።

ከአዲስ አበባ ስትወጪ የውጤት ካርዷንና መሸኛዋን ማኅተም አስመትተሽ ያዢ፤ ያለ መሸኛ መጥተው ምዝገባ ላይ የሚጉላሉ ብዙ ናቸው። ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ስለሚጀመር ከዚያ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ርዕሰ መምህሩን ተረጋግተሽ ታነጋግሪዋለሽ። የትኛው ቀበሌ እንደምትከራዩ ስታውቂ እዚሁ ጻፊልኝ፤ በዚያ በኩል የሚያስተምሩ ባልደረቦቼን ጠይቄ የሰማሁትን እነግርሻለሁ።