የሱሉልታዋ ቀንድ አውጣ ያለባት ድንጋይ

እህቴ ፎቶሽን አስፍቼ ሶስቴ አየሁት። "ሱሉልታ አዲስ የተጠረገ መንገድ ዳር አገኘኋት፣ ቀንድ አውጣ ድንጋይ ውስጥ ምን ይሰራል፣ ስንትስ ታወጣለች" ነው ያልሽው አይደል? እኔ በመጀመሪያ የምጠይቅሽ ድንጋይዋ የዛው መሬት ናት ወይስ በሲኖትራክ የመጣች የሚለውን ነው።

እንዲህ የምልሽ እኔም ስለተሸወድኩ ነው። ለገጣፎ ቤት ስሰራ ግቢ መሙያ ካራገፉልኝ ድንጋይ መሀል አንዷ ቢጫማ ግራጫ ነገር፣ ጎኗ ላይ የዛጎል ግማሽ ብቅ ብሏል፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ መስመር መስመር ያለው። በቃ አበድኩ፣ ለገጣፎ ባህር ነበረች ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ከዛ ሙሉውን ላውጣው ብዬ ከግንበኛው ስካርፔሎ (የድንጋይ መሮ) ተውሼ ሁለቴ ስመታት ዛጎሉ እኩል ተሰነጠቀ፣ ግማሹ ተፈናጥሮ አሸዋ ክምር ውስጥ ገባ፣ ብፈልግ ብፈልግ የለም። እስካሁን ይቆጨኛል። በኋላ ሹፌሩን ስጠይቀው ሳቀብኝ፣ ለካ ያን ሰሞን ከሙገር በኩል የኖራ ድንጋይ ሲያመላልስ ነበር፣ መኪናው ላይ የቀረ ነው።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ እንጦጦም የረርም ወጨጫም እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው፣ ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ቀንድ አውጣ አይተርፍም። ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገራችንን ባህር ገብቶባት ነበር፣ የዛን ጊዜ ጭቃና ዛጎል ተደራርቦ የኖራ ድንጋይ ሆነ፣ እሳተ ገሞራው ብዙ ቆይቶ መጥቶ ከላይ ሸፈነው። አባይ፣ ጀማና ሙገር ቆርጠው ቆርጠው እንደገና አወጡት። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርጂ በመስኮት እዪ፣ ከላይ ጥቁሩ፣ ዝቅ ሲል ነጣ ያለው በንብርብር ቁጭ ብሏል። ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ ሙገርና ደርባ የሄዱትም ለኖራ ድንጋዩ ብለው ነው። ሱሉልታ ደግሞ እዛው ጎጃም መንገድ ላይ ናት፣ ስለዚህ የኔ ግምት መኪና ነው ያመጣት።

ለማረጋገጥ ሎሚ ወይ አቼቶ በጀርባዋ በኩል ጠብ አድርጊባት፣ ዛጎሉ ላይ እንዳታደርጊ ይበላዋል። ጥቃቅን አረፋ እየሰራ ፍሽ ካለ የኖራ ድንጋይ ናት። ካላለ በምስማር ቧጭሪያት በፍላሽም ጎኗን እዪ፣ ምክንያቱም የሚያታልል ብዙ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከየረር በኩል "የቅጠል ፎሲል" ብሎ ያመጣው ቁርጥ ፈርን የሚባለውን ተክል የሚመስል ጥቁር ስዕል ነበር፣ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን በስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሳለው ነው እንጂ ቅጠል አልነበረም (እሱ እስከዛሬ አላመነኝም)። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የምታያቸው ነጫጭ ክቦችም ጥርስ ወይ እንቁላል አይደሉም፣ የጋዝ ቀዳዳ ኋላ በማዕድን የሞላ ነው።

ዋጋውን እርሺው። በቅርስ አዋጁ በ209/1992 ቅሪተ አካል (ፎሲል) የመንግስት ነው፣ ድንገት ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት ይላል። ዛጎል እዛ አባይ ሸለቆ ውስጥ ሞልቷል፣ አጥንት የሚመስል ካገኘሽ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ በቡታጅራ መንገድ በመልካ ቁንጥሬ በኩል። እዛ አዋሽ ዳር በደለልና በአመድ ንብርብር መሀል አጥንትም የድንጋይ መሳሪያም ተቀብሯል፣ 2016 ሐምሌ ላይ ከጎረቤቱ ከባልጪት ጋር የዓለም ቅርስ ሆኗል። ዕድሜው የሚታወቀው በተኛበት አመድ ስለሆነ አንስተሽ ቦርሳ ከከተትሽው ታሪኩን እዛው ጥለሽው ነው የመጣሽው። ፎቶ አንሺ፣ ሎኬሽኑን ያዢ፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ንገሪ።

የአንቺዋን አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የጂኦሎጂ ሰዎች ጋ ይዘሽ ብትሄጂ አይተው ይነግሩሻል። እስከዛ አቼቶውን ሞክሪና መንገዱ ዳር ተቆርጦ የሚታየውን ድንጋይ ፎቶ ጨምሪልን፣ ስካርፔሎ ግን እንዳትነኪ።