ክንፏን ያወዛወዘችው አውሮፕላን

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ኤርፖርት ታወር ላይ ነው። ሥራዬ የበረራ ትራፊክ ቁጥጥር ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሙያውን የጀመሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ ስለ ራዳርና ስለ ሳተላይት ይጠይቁኛል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ከታወሩ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚኖር አንድ መብራት ነው።

መብራቱ እንደ ጠመንጃ እጀታና ማነጣጠሪያ አለው። ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ያበራል። ሬዲዮ ሲጠፋ ከአብራሪው ጋር የምንነጋገረው በሱ ነው። ሳይቋረጥ የበራ አረንጓዴ፣ አየር ላይ ላለ አውሮፕላን «ማረፍ ትችላለህ» ማለት ነው። ሳይቋረጥ የበራ ቀይ «ለሌላው ቅድሚያ ስጥ፣ መዞርህን ቀጥል»። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ከሆነ «ሜዳው አደጋ አለው፣ እንዳታርፍ»። አብራሪው ማየቱን የሚናገረው ቀን ከሆነ ክንፉን በማወዛወዝ፣ ማታ ከሆነ መብራቱን ሁለት ጊዜ አብርቶ በማጥፋት ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ትንሽ ኤርፖርት ላይ የከሰዓት ተረኛ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን መጣች። ሬዲዮዋ ዝም ብሏል። ከምሥራቅ በኩል ፊቷን ወደ ታወሩ አድርጋ ቀረበች። መብራቱን አወረድኩ፣ አነጣጠርኩ፣ አረንጓዴውን ለቀቅኩት። ምንም የለም። ክንፏ ንቅንቅ አላለም። ደግሜ አበራሁ። አሁንም ምንም። ላብ አጠመቀኝ። «ይሄ ሰውዬ ተኝቷል እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ፀሐይዋ የት ናት?» አሉኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ፀሐይዋ ከጀርባችን ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃለች። አብራሪው ወደኛ ሲያይ የሚያየው እሷን ነው። የኔ አረንጓዴ እዚያ ብርሃን ውስጥ ሰጥማለች። «ጠብቀው፤ ዞሮ በዚያኛው በኩል ሲመጣ አብራለት» አሉኝ። አውሮፕላኗ ዞረች። በምዕራብ በኩል ስትመለስ ፀሐይዋ ከኋላዋ ሆነች። አበራሁ። ክንፎቿ ግራና ቀኝ ተወዛወዙ። ያንን መወዛወዝ ሳስታውስ እስካሁን ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለል ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ነው ሰዎች ያለ ሬዲዮ ከሰማይ እንዴት ይናገሩ እንደነበር እየፈለግኩ ማንበብ የጀመርኩት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ነገሩ የሚነሳው ከባሕር ነው። ማርታ ኮስተን የምትባል አሜሪካዊት በ1848 ባሏ ሞተባት። ገና 21 ዓመቷ ነበር። ልጆች ነበሯት። ከባሏ ወረቀቶች መሀል መርከቦች ማታ ማታ የሚነጋገሩበት የባለቀለም ርችት ንድፍ አገኘች። ንድፉ ጅምር ነው። እሷ ደግሞ ኬሚስት አይደለችም። ቀለሙ ከሩቅ ጥርት ብሎ እንዲለይ ለማድረግ ዓመታት ፈጀባት። በ1859 ፓተንቱ ሲሰጥ የፈጠራው ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ሟቹ ባሏ ነው። በራሷ ስም ፓተንት ያገኘችው በ1871 ነው። ያን ሁሉ ዓመት የለፋችው እሷ ሆና! ስሟን የምጠራላችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

በ1877 ኤድዋርድ ቬሪ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ባለቀለሙን ብርሃን ከሽጉጥ የሚተኮስ አደረገው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ያ ሽጉጥ አውሮፕላን ላይ ወጣ።

በ1914 መገባደጃ ፈረንሳይ ውስጥ የእንግሊዝ አብራሪዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር። አስቀድመው በተስማሙበት ከፍታ ላይ ይበራሉ። ልክ የጠላት መድፍ አናት ላይ ሲደርሱ ርችቱን ይተኩሳሉ። መሬት ላይ ያሉት መድፈኞች አውሮፕላኑን በመሣሪያ እየተከተሉት ነው። ብርሃኑ ቦግ ሲል አቅጣጫውን ያነባሉ። ከፍታው ስለሚታወቅ ርቀቱንም ያሰላሉ። እስቲ ልብ በሉ፤ አንዲት ብልጭታ ናት። ብልጭታዋ ብቻዋን ምንም አትናገርም። እንድትናገር ያደረጋት ጠዋት መሬት ላይ ቁጭ ብለው የተስማሙት ነገር ነው።

ሬዲዮም ነበር። ግን የዚያን ጊዜው ከባድ ነው፤ በሞርስ ኮድ፣ ማለትም በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል የሚልክ እንጂ የሚቀበል አልነበረም። ስለዚህ አውሮፕላኑ በሬዲዮ ሲልክ፣ መሬት ያሉት ነጭ ጨርቅ ሜዳ ላይ በፊደል ቅርጽ እያነጠፉ ይመልሱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም በሚባለው ቦታ ያ ትልቅ ውጊያ ሲጀመር የአዛዦቹ ጭንቀት አንድ ነበር። እግረኛው ከምሽጉ ወጥቶ ወደፊት ከሄደ በኋላ የት እንደደረሰ አይታወቅም። የስልክ ሽቦው በመድፍ ይበጣጠሳል። መልእክተኛው መንገድ ላይ ይሞታል። እናም አንድ ዘዴ አወጡ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ክላክስ ያሰማል። (ክላክስ የምንለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚያ መሣሪያ ስም ነው።) ግንባር ላይ ያሉት ወታደሮች ድምፁን ሲሰሙ ባለቀለም ችቦ ይለኩሳሉ። ከላይ ያለው ቃኚ የብርሃኑን መስመር ካርታው ላይ ያሰምራል። ወረቀት ላይ እንከን የለውም።

ብዙ ጊዜ ግን ችቦው አልበራም። ክላክሱ ይጮሃል፣ መሬት ላይ የሚለኩስ የለም። ለምን? ችቦውን የሚያየው ቃኚው ብቻ አይደለም። የጀርመን መድፈኛም ያየዋል። ጉድጓድ ውስጥ የተጋደመው ወታደር ችቦ ለኮሰ ማለት «እዚህ ነኝ፣ ምታኝ» አለ ማለት ነው። አብራሪዎቹ መጨረሻ ላይ የልብሱን ቀለም እስኪለዩ ድረስ ዝቅ ብለው፣ ጠመንጃ እየተተኮሰባቸው መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን አጥፌ አስቀምጣለሁ። ያ ወታደር ሰነፍ አልነበረም። ክላክሱንም ሰምቷል። መልስ መስጠት የሚያስከፍለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ዘዴውን ያወጡት ሰዎች ግን ያንን ዋጋ ሒሳብ ውስጥ አላስገቡትም።

እኔም እንደነሱ ነበርኩ። አለቃ ከሆንኩ በኋላ አንድ ሠልጣኝ ነበረኝ። መመሪያ ስሰጠው «ገባኝ» ይላል። ከዚያ ይሳሳታል። በሦስተኛው ጊዜ ሰው ፊት ተቆጣሁት። ማታ ቤቴ ስገባ የጋሼ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ፀሐይዋ የት ናት? ፀሐይዋ እኔ ነበርኩ። እኔ ፊት «አልገባኝም» ማለት ለዚያ ልጅ ችቦ መለኮስ ነበር። በማግሥቱ ብቻውን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ከአሁን በኋላ እኔ ልድገምልህ አልልም፤ አንተ በራስህ ቃል ድገምልኝ፤ ከተሳሳትክ እዚሁ ሁለታችን መሀል ይቀራል» አልኩት። ለመለወጥ ወር አልፈጀበትም።

ስለዚህ ነገ የሰው አለቃ ብትሆኑ፣ ቡድን ብትመሩ፣ መልእክት ልካችሁ ዝም ስትባሉ፣ መብራቱን ለመድገም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ያ ሰው የቆመበት ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ። ከዚያ ምን ይታያል? ቢመልስላችሁስ ምን ይደርስበታል? ዋጋው ከበዛበት ዋጋውን ቀንሱለት። ገና ጀማሪ የሆናችሁት ደግሞ፣ እባካችሁ መብራቱን ሳታዩ ክንፍ አታወዛውዙ። ታወር ላይ ያለው ሰው ያያችሁ መስሎት ሌላውን አውሮፕላን ይለቅባችኋል።

ከእናንተ መሀል ታወር ላይ የምትገቡ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ያንን መብራት አውርዱት። መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። አንዱ ጓደኛችሁ በመኪና የማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ ይሂድ። ሦስቱንም ቀለም በየተራ አብሩለት። ሲመለስ ምን እንዳየ ይንገራችሁ፤ እናንተ ምን እንዳበራችሁ አስቀድማችሁ አትንገሩት።