ጠፍጣፋ ጣሪያና ወለልን በሪቪት ማዘንበል፦ ጥያቄና መልስ

ሪቪት በተባለው የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም ስለ ጠፍጣፋ ጣሪያና ወለል ተዳፋት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጣሪያው ጠፍጣፋ ከተባለ ደልዳላ አድርጌ ብሥለው ምን ይጎድላል?

መልስ፦ ጠፍጣፋ የተባለው ዐይን ተዳፋቱን ስለማይለየው ነው። የተለመደው 2 በመቶ በ6 ሜትር ርቀት 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ከፍታ ከፓራፔቱ (ጣሪያውን ከሚከበው አጭር ግድግዳ) ቁመትና ወደ ጣሪያው ከሚያወጣው በር ደፍ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በሥዕሉ ላይ ካላዩት በግንባታው ላይ ያዩታል።

ጥያቄ፦ የሶሌታውን (የኮንክሪት ንጣፉን) የጠርዝ ነጥቦች ከፍ ሳደርግ ከነታችኛው ገጹ ያዘነብላል። ታቹ ደልዳላ እንዲሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ተዳፋቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ይወስኑ። ኮንክሪቱ ራሱ አዘንብሎ የሚሞላ ከሆነ ያዩት ነገር ትክክል ነው፤ አይንኩት። ተዳፋቱ የሚሠራው በላዩ በሚለበጠው ሲሚንቶ ወይም በሙቀት መከላከያው ከሆነ ግን የንብርብሮቹን ሰንጠረዥ ከፍተው ያንን ንብርብር ብቻ «ቫሪያብል» ብለው ምልክት ያድርጉበት። ፕሮግራሙ ከአንድ በላይ አይፈቅድም። ከዚያ በኋላ የሚወፍረውና የሚሳሳው እሱ ብቻ ነው።

እኔ ግን ከዚህም ይልቅ ሶሌታውንና ልባጡን ለየብቻ መሥራት እመርጣለሁ። የኮንክሪቱ መጠን ሳይዛባ ይወጣል፤ መሐንዲሱም የእርስዎን ልባጥ ከራሱ ሥራ ላይ ሲፍቅ አይውልም።

ሌላው፦ የውሃ መውረጃውን ዜሮ ላይ ትተው ዳሮቹን ከፍ ያድርጉ እንጂ መውረጃውን ዝቅ አያድርጉ። ዝቅ ባደረጉት ቁጥር የንብርብሩ ውፍረት ያልቃል፤ ሲያልቅ ፕሮግራሙ እምቢ ይላል።

ጥያቄ፦ የነጥብ ማስተካከያ መሣሪያዎቹ ጨርሶ አይታዩኝም።

መልስ፦ በጠርዙ ላይ ተዳፋት ሰጥተዋል ወይም የተዳፋት ቀስት አስገብተዋል። ሁለቱ ዘዴዎች አብረው አይሄዱም። ቀስቱ እንደ መኪና መወጣጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚያዘነብል ወለል ይበቃል።

ጥያቄ፦ መውረጃው መሃል ላይ አይደለም፤ ከአንዱ ግድግዳ 6 ሜትር፣ ከሌላው 3 ሜትር ይርቃል።

መልስ፦ ዙሪያውን ሁሉ በ12 ሳንቲ ሜትር ካስተካከሉት አንዱ ወገን 2 በመቶ፣ ሌላው 4 በመቶ ያዘነብላል። ሁሉም ወገን 2 በመቶ ይሁን ካሉ ደግሞ የቅርቡ ግድግዳ ሥር በመውረጃው ትይዩ 6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሩቁ ጥግ እየወጣ ይሄዳል። የመጀመሪያው ለሠራተኛ ይቀላል፤ ግድግዳው ሥር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሁለቱን ተዳፋቶች መጋጠሚያ ነው። 2 በመቶ የሚያዘነብሉ ሁለት ገጾች በ90 ዲግሪ ማዕዘን ሲጋጠሙ መስመሩ ራሱ የሚያዘነብለው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ውሃው ደግሞ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ዝቅተኛውን የተዳፋት ልክ በዚያ መስመር ላይ ይለኩት።

ጥያቄ፦ የአራቱን ጥጎች ከፍታ ስለያይ ያላዘዝኩት እጥፋት መጣ።

መልስ፦ አራቱ ነጥቦች በአንድ ዝርግ ገጽ ላይ ስላልዋሉ ፕሮግራሙ በሦስት ማዕዘን ከፈላቸው። የመክፈያውን መስመር እርስዎ ያስምሩለት።

ጥያቄ፦ በሌላው የንድፍ ፕሮግራም፣ በአርኪካድስ?

መልስ፦ የስላብ መሣሪያው ምንጊዜም ደልዳላ ነው። ለአንድ አቅጣጫ ባለ አንድ ገጽ ጣሪያን፣ ለብዙ አቅጣጫ «ሜሽ» የተባለውን መሣሪያ ይጠቀሙ።